በማንሺያ በር ላይ የቀረች ግማሽ ዜማ

ጋሽ ንጋቱ በየማለዳው፣ ፊቱን ከታጠበ በኋላ፣ የግቢውን በር ከመክፈቱ በፊት፣ ሰዓቱን ከግራ እጁ ፈትቶ ጆሮው ላይ ያደርጋል። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ አይደለም። ልቧን ይሰማል። በእጅ የምትሞላ አሮጌ ሰዓት ናት፤ መስታወቷ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ያዳምጣታል፣ በሁለት ጣቱ ቀስ እያለ ይሞላታል፣ እንደገና ጆሮው ላይ ያደርጋታል። ከዚያ "አለች" ይላል ለራሱ፣ ያስራታል፣ ቀኑም የሚጀምረው ያኔ ነው።

ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ባለው ግቢ መንታ ሴት ልጆች እጠብቅ ነበር። ጠዋት ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ የእሱ በር ቁልቁል ይታየኛል። የቀረውን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ በአጥር ላይ፣ ትንሽ በትንሽ፣ አንዳንዴ አንዱን ነገር ለመጨረስ ሳምንት እየፈጀበት።

ማንሺያ ካርቱም ውስጥ ያለ የሀብታም ሰፈር ነው፤ ዓባይ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይፈሳል። እዚያ ዘበኛን ገፊር ነው የሚሉት። የገፊር ሥራ በር መክፈት፣ ዛፍ ማጠጣትና መቀመጥ ነው፤ ከሦስቱ የሚከብደው መቀመጡ ነው። ሌሎቹ ገፊሮች ስልክ ያወራሉ፣ ዳማ ይጫወታሉ፣ ያንቀላፋሉ። ጋሽ ንጋቱ ራድዮ ይሰማል። ራድዮዋ የእጅ መዳፍ ታክላለች፤ ጎኗ በፕላስተር የታሰረ ነው። አንቴናዋ ስለተሰበረ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ከበሩ ብረት ጋር አያይዟታል። እናም በሩ ሲከፈት ድምፁ ይርቃል፣ ሲዘጋ ይመለሳል።

የሚወደው ቃል የሌለውን ሙዚቃ ነው። ብዙ ቫዮሊን አንድ ላይ የሚያዝንበትን፣ ፒያኖ ብቻውን እንደ ሽማግሌ የሚያወራበትን፣ መለከት ከሩቅ ሰው የሚጠራበትን። መጀመሪያ ሲነግረኝ ገረመኝ። በኋላ ደብተሩን ሲያሳየኝ ገባኝ።

ጋሽ ንጋቱ የድጓ ተማሪ ነበር። ጋይንት ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ መምህር እግር ሥር፣ ከልጅነቱ እስከ ሃያ ሁለት ዓመቱ ተቀምጧል። አስመስክሮ መሪጌታ ለመባል አንድ ክረምት ሲቀረው፣ ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ወረደ፤ ልብስ ገዝቶ ሊመለስ። አጨዳው አለቀና የድንበሩን ድልድይ ወደ ሱዳን የተሻገሩ ጓደኞች ነበሩት፤ ተከተላቸው። ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም። ያ አንድ አጨዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ድጓ ላይ የዜማ ምልክቶች ከቃሉ ራስ ላይ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይሄዳሉ። ድምፁ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ እነሱ ናቸው የሚናገሩት። የጋሽ ንጋቱ ደብተር የተማሪ ደብተር ነው፤ በእርሳስ ያሰመራቸው ምልክቶች ሞልተውታል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ርክርክ። ከሥራቸው ግን ቃል የለም። ባዶ መስመር ብቻ። ራድዮ ላይ የሰማውን የፈረንጅ ዜማ ሁሉ እንዲህ አድርጎ ይይዘዋል፤ ደረቁን ከግዕዝ፣ ለስላሳውን ከዕዝል፣ አንጀት የሚያባባውን ከአራራይ እየመደበ። በየገጹ ራስ ላይ ስም የለም፤ "የዝናቡ"፣ "ደረጃ የሚወጣው"፣ "የባልቴቷ" ተብሎ ተጽፏል።

እሱ የሚጠብቀው ቤት ወጥ ሠሪ፣ ዘሃራ፣ የወሎ ሰው ናት፣ የባቲ ልጅ። የወጥ ቤቷ መስኮት ወደ በሩ ነው የሚያየው፤ አፏ ደግሞ ዕረፍት አያውቅም።

"መሪጌታ!" ትለዋለች ሽንኩርት እየላጠች። "ዛሬ የፈረንጆቹ ማኅሌት ስንት ሰዓት ይቆማል?"

"በስሜ ጥሪኝ፣ ዘሃራ። ያልተሰጠኝን አልወስድም።"

"እኔ ሰጠሁህ።"

"አንቺ ሽንኩርትሽን ስጪ።"

"ደግሞ ጾም አይደል እንዴ? በጾም ዘፈን ይሰማል?"

"ዘፈን አይደለም። ቃል የለውም።"

"ቃል ከሌለው በምን አወቅህ? ሲሳደብ ቢሆንስ?"

"ስድብ እንዲህ ቀስ አይልም።"

ትስቃለች። እሱ ግን "መሪጌታ" የምትለው ቃል እንደ አሸዋ ዓይኑ ውስጥ ትገባበታለች። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። የድሮ ትምህርቱን የሚያውቁ ሰዎች በበዓል ቀን ና ከእኛ ጋር ቁም፣ መሪጌታ፣ ይሉታል። "ተማሪ ነበርኩ፤ አላስመሰከርኩም" ብሎ ከበሩ አጠገብ ይቆማል። ሲዘመር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይወጣም። ድልድዩን ከተሻገረ ወዲህ ድምፁን አውጥቶ አዚሞ አያውቅም። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ሰዓቱን ከእጁ ላይ ትንሽ አዞረና፣ "ፈራሁት" አለኝ። "ሄዶ ቢሆንስ?"

አንድ ትንሽ የከተማው ጣቢያ ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ በኅዳር ውስጥ በአንድ ጁምዓ፣ ከጠዋት እስከ ምሽት ዜናም ማስታወቂያም አያሰማም። ሙዚቃ፣ ከዚያ ስለ ሥዕል ወይም ስለ ጽሕፈት ወይም ስለ ግንባታ ወግ፣ ከዚያ ደግሞ ሙዚቃ። ጋሽ ንጋቱ ይህን ቀን ያገኘው በአጋጣሚ ነው፤ የመዳቡን ሽቦ ሲያስተካክል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ዜማ ሰማ።

አንድ መሣሪያ ብቻውን ነበር። ቫዮሊን የመሰለ፣ ግን ትልቅ፣ ከጉልበት መሀል ይዘው የሚመቱት፣ ድምፁ የጎልማሳ ሰው ደረት የሚመስል። ዜማዋ ከታች ተነሳች፣ አንድ እርምጃ ወጣች፣ ቆመች፣ ሁለት ወጣች። ሊደርስ የነበረ ሰው ከደጅ ተመልሶ እንደሚሄድ ዞር አለች። ጋሽ ንጋቱ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይጽፍ ነበር። ዘጠኝ መስመር ጻፈ። በአሥረኛው መስመር ላይ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ የባለቤቲቱ ልጅ ሂሻም ነበር፣ ለጁምዓ ምሳ አርፍዶ የመጣ። በር መክፈት ሥራው ነው። ከፈተ፤ ሽቦውም ከበሩ ጋር ሄደ፣ ድምፁም። ዘግቶ ሲመለስ የራድዮው ሰው ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር።

ሰው ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። በዜማ ትምህርት ቤት ላደገ ግን አይደለም። መምህሩ ግማሽ ላይ ያቆመን ተማሪ አያስተኙም ነበር። "ቁርጧን፣ መቆሚያዋን፣ ሳታደርሳት ከጀመርካት ውጭ እንዳደረች ከብት ናት፤ ጅብ ይበላታል" ይሉት ነበር። እሱ በሕይወቱ ግማሽ ላይ የተዋት ነገር አንድ ድጓ ነበረች። አሁን ሁለተኛ መጣችበት። በበሩ ላይ ተቀምጦ የቀረችውን ግማሽ በራሱ ሊሞላት ሞከረ፤ አንዱን ጻፈና ደለዘ፣ ሌላውን ጻፈና ደለዘ። በዓመቱ ቀኑን ሙሉ ጠበቃት፤ አልመጣችም። አሁን ሦስተኛው ኅዳር ነበር፣ የሁለት ሺህ ዐሥር። በዚያ ጁምዓ ጠዋት ደግሞ የራድዮው ሰው ገና ሰላምታ ሲሰጥ፣ እንዲህ ያለው ቀን ምናልባት የመጨረሻችን ሊሆን ይችላል አለ።

ጋሽ ንጋቱ ሰዓቱን ለሁለተኛ ጊዜ ጆሮው ላይ አደረጋት። በቀን ሁለቴ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠዋቱ በቀስታ ሄደ። ኅዳር ካርቱም ውስጥ ጥሩ ወር ነው፤ ፀሐይዋ የምትቆጣ ሳይሆን የምታስብ ትመስላለች። የኒም ዛፉ ጥላ ከጋሽ ንጋቱ ወንበር ተነስቶ እስከ አጥሩ ይሄዳል። ፒያኖ መጣ፣ ሄደ። ብዙ ቫዮሊኖች መጡ፤ እኔ ጣሪያ ላይ የመንታዎቹን ቀሚስ ይዤ ቆሜ መስቀያውን ረሳሁት። መንገዱ ላይ ሰው የለም። አንድ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ወደ ጸሎት የሚሄድ ሰው ብቻ፣ እሱም ሳያውቀው ከሙዚቃው ጋር ይራመዳል።

ከጸሎት በኋላ ሲት ሁስና በረንዳው ላይ ወጡ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የሥዕል መምህርት የነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ ሴት። እሳቸውም ይህን ቀን ይጠብቁት ነበር፣ ለወጉ ብለው። ትልቁን ራድዮ ከሳሎን አስወጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡና፣ "ያ ንጋቱ! የአንተ ራድዮ ጉንፋን ይዞታል። የእኔን ስማ" አሉት።

እናም ሁለቱ ሰሙ፤ እሳቸው በረንዳ ላይ፣ እሱ በር ላይ፣ መሀላቸው ግቢውን አድርገው። አንድ አሮጌ የዐረብኛ ጽሕፈት መምህር ይናገር ነበር። የሚጽፍበትን መቃ ከጀሪፍ ዳር፣ ከወንዙ፣ ራሱ እየቆረጠ እንደሚያመጣ ነገረ። ፊደሉን ሲጀምር እስትንፋሱን ይይዛል፣ እስኪጨርሰውም አይለቀውም፤ መሀል ላይ የተነፈሰ ሰው መስመሩ ይንቀጠቀጥበታል አለ። "ተማሪዎቼ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ይፈራሉ። እኔ የምፈራው ያልጀመረን ሰው ነው" አለና ሳቀ። ሲት ሁስናም ሳቁ። ጋሽ ንጋቱ አልሳቀም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

ከወጉ በኋላ የራድዮው ሰው አንድ ነገር አስታወቀ። በአራት ሰዓት የስልክ መስመር ይከፈታል፤ አድማጭ የፈለገውን ሙዚቃ ስሙን ይናገራል፣ ካለን እናሰማዋለን። ስትደውሉ ራድዮናችሁን አጥፉ፣ ድምፅ ይረብሻል።

ጋሽ ንጋቱ ቁጥሩን ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈ። ከዚያ ችግሩ ታየው። ስም። ዜማዋን እስከ ዘጠኝ መስመሯ ያውቃታል፣ ስሟን ግን አያውቅም። ስም ለማያውቅላት ነገር ደግሞ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው።

የእሱንም የመስኮቱንም ራድዮ አጠፋ። ሲት ሁስና ምሳ ሊበሉ ገብተው ነበር። እየዞረ ዛፉን አጠጣ፤ የጠጣውን ዛፍ ደግሞ አጠጣው። ሰዓቱን ያያል። አራት ሰዓት ማለት በእኛ አሥር ነው፤ ሰዓቱ ከጋይንት ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር እንጂ ተሞልታ አታውቅም። አሥር ሲሆን፣ ከገፊሩ ክፍል ጀርባ፣ አጥሩና የውሃ ጋኑ መሀል ገብቶ ደወለ። ጋኑ ያለው ከእኔ ጣሪያ ሥር ነው። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።

"አሎ?" አለ ወጣት ድምፅ። አፉ ውስጥ ምግብ ነበረ።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ ሙዚቃ ነው።"

"ወዓለይኩም ሰላም። የቱ ሙዚቃ?"

"ስሙን አላውቀውም።"

"ኧረ ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ታዲያ እንዴት አድርጌ ላግኝልህ?"

ጋሽ ንጋቱ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ሊዘጋው ነው ብዬ አሰብኩ። እሱም እንደነገረኝ ሊዘጋው ነበር፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበረች።

"በዜማ ላሰማህ" አለ።

"ጀምር" አለ ወጣቱ፣ እየጎረሰ።

ጋሽ ንጋቱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ስልኩን በቀኝ ይዞ ግራ መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ፣ የዜማ ሰው እንደሚያደርገው። እስትንፋሱን ሲስብ ትከሻው ከፍ ሲል አየሁት። ከዚያ ድምፁ ወጣ። መጀመሪያ ዝጎ ነበር፤ ብዙ ዘመን ያልተከፈተ በር። ሁለተኛው መስመር ላይ ዝገቱ ረገፈ። ምን እንደሰማሁ ለመናገር አሁንም ይቸግረኛል። የፈረንጅ አገር ዜማ ነበረች፣ ግን ጋይንትን አቋርጣ የመጣች። እዚያ ያ ትልቅ መሣሪያ ዝም ብሎ በሚያልፍበት እሱ ርክርክ ይጨምርበታል፣ ድምፁን እንደ ውሃ ላይ ብርሃን ያንቀጠቅጠዋል። ወጣች፣ ቆመች፣ ሁለት ወጣች፣ ከደጅ ተመለሰች። ዘጠነኛው መስመር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

ወጣቱ ማኘኩን ትቶ ነበር።

"ወላሂ..." አለ። "ቆይ። እንዳትዘጋ። ዓም ከቢር! ዓም ከቢር፣ ና እስቲ ይህን ስማ! ወንድሜ፣ ድገምልን። እኔ ኦመር እባላለሁ፣ የድምፅ ሠራተኛ ነኝ፤ ሙዚቃዎቹን የሚያውቃቸው ግን ይህ ሽማግሌ ነው።"

ጋሽ ንጋቱ ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተሻለ። ከወዲያ አንድ የሽማግሌ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ ሳቅ፤ የፌዝ ሳቅ ሳይሆን ሰው የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲያገኝ የሚስቀው።

"አወቅኋት" አለ ሽማግሌው። "ሌላ ልብስ አልብሰሃት ነው እንጂ አወቅኋት። ሁለት ዓመት ሆናት ካጫወትናት። ኢንሻአላህ መደርደሪያው ላይ አለች።"

ኦመር ስልኩን ተቀበለው። "በአራት ሰዓት የመጀመሪያዋ ትሆናለች። ግን አንተ ሰውዬ፣ መስመሩ ገና አልተከፈተም እኮ፤ ምሳዬን እየበላሁ ነው። አሁን ሦስት ሰዓት ነው።"

ጋሽ ንጋቱ ሰዓቱን አየ። አሥር ናት። ከዚያ ትዝ አለው። በጥቅምት መጨረሻ ሱዳን ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የእነሱ አራት ሰዓት የእኛ ዐሥራ አንድ ሆኗል። ያን ሰሞን ያልተሳሳተ ሐበሻ አልነበረም፤ አንዱ ለሥራ ከጌቶቹ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው አገር ቤት ሲደውል እናቱን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ሰዓቱን የሚያስተካክል ግን የለም። የአገር ሰዓት ናታ።

"በሰዓቱ ብትደውል ኖሮ" አለ ኦመር፣ "ይህን ሁሉ ያዜምኸው በአየር ላይ ነበር። ካርቱም በሙሉ ይሰማህ ነበር።"

ጋሽ ንጋቱ ያኔ ጋኑን ተደግፎ ቁጭ አለ።

"በል ስምህን ንገረኝ፤ ስናጫውታት እንጠራሃለን።"

ነገረው። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ አንድ ትርፍ ሰዓት ነበረች። በሁለት አገር አቆጣጠር መሀል የተገኘች፣ የማንም ያልሆነች ሰዓት። ጋሽ ንጋቱ በዚያች ሰዓት ውስጥ ምንም አላደረገም። ወንበሩ ላይ ተመልሶ የኒሙን ጥላ ያይ ነበር። ቢጫ ቅጠል እየወደቀ ውሃ ያጠጣበት ሥፍራ ላይ ይንሳፈፋል። እኔም ልብሱን ሰቅዬ ጨርሼ፣ የምወርድበትን ምክንያት አጥቼ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዓባይ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ነበር።

ዘሃራ ከወጥ ቤት ወጣች። እጇ ሊጥ ነው። መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ቅድም ያ ድምፅ ምንድን ነው?"

"ራድዮ ነው።"

"ራድዮው ጠፍቷል" አለች። ተመልሳ ገባች።

በእነሱ አራት ሰዓት ሲት ሁስና ራድዮውን ከፈቱ። ጋሽ ንጋቱ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ አሥረኛውን መስመር አውጥቶ፣ እርሳሱን ቀርጾ ተዘጋጅቷል። የራድዮው ሰው፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ከማንሺያ ነው አለና የጠያቂውን ስም ጠራ። የጋሽ ንጋቱ ራስ ዘንበል አለች። ወጥ ቤት መስኮት ላይ ዘሃራ እጇን ሊጡ ውስጥ እንደነከረች ቀረች።

ዜማዋ መጣች። ከታች ተነሳች። እሱ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በጣቱ ብቻ ተከተላቸው፣ የሚያውቀውን መንገድ እንደሚሄድ ሰው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

ጥሩንባ ጮኸ።

ሂሻም ነበር። ጁምዓ ነው፤ ከምሳ ያረፍዳል እንጂ አይቀርም። ሁለተኛ ጮኸ፣ ረዘም አድርጎ። ጋሽ ንጋቱ እርሳሱን እንደያዘ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። ፊቱን አየሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ሲከፍት የኖረ ሰውነት ራሱ ይነሳል፤ አይጠየቅም። ከጣሪያው ልጮህ ተነሳሁ።

ዘሃራ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ። በሊጣም እጇ ትከሻውን ይዛ ወደ ወንበሩ መለሰችው።

"ኡግዑድ!" አለችው፣ ቁጭ በል። "አንተ ተቀመጥ። በሩ እንደሆነ በር ነው።"

ብረቱን ጎትታ ከፈተችው፤ የበሩ እጀታ ላይ የጣቶቿ ነጭ ማኅተም ቀረ። ሂሻም አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ገፊሩ የት ነው? ታሟል?"

"ሥራ ላይ ነው" አለችው።

ስምንት። ዘጠኝ። ጋሽ ንጋቱ መጻፍ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቀረችውን ግማሽ በልቡ ሲሠራት ኖሯል፤ ከፍ ከፍ አድርጎ፣ ተራራ ላይ አውጥቶ። እውነተኛዋ እንዲያ አልነበረችም። ተራራ የለም። ከደጅ የተመለሰችው ቀስ ብላ ያንኑ መንገድ ወረደች፣ የወጣችበትን እርምጃ አንድ በአንድ እየረገጠች፣ መጨረሻ ላይ ከተነሳችበት ትንሽ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። በቃ። እርሳሱ ሮጠ፣ ከዚያ ተራመደ፣ ከዚያ አንዲት የቁርጥ ምልክት አድርጎ ቆመ።

ደብተሩን ዘጋው። ሂሻም መኪናውን አስገብቶ እናቱን ሊስም ሄደ። ዘሃራ በሩን ዘግታ የቀረውን ጫማዋን አንስታ በእሱ በኩል አለፈች። ቆም አለች።

"ደረሰች?"

"ደረሰች።"

"እሰይ፣ ንጋቱ" አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሙ ነው የምትጠራው፤ ሌላውን ስም ለቀልድም አንስታው አታውቅም።

ጣቢያው እውነትም እንዲህ ያለውን ቀን ከዚያ ወዲያ አልደገመውም። ጋሽ ንጋቱ ግን በጥምቀት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ቦታው ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ድምፁ ወጣ። ብዙም አይደለም፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ዞር ብሎ የሚያየውን ያህል።

እኔ ወደ አገሬ ልመለስ ስል አጥሩ ጋ ጠራሁትና፣ ይህን ልጽፈው እፈልጋለሁ አልኩት። አፈረ። አጥሩን በጥፍሩ ፋቀ ፋቀ አደረገው።

"ጻፊው" አለኝ። "የዘሃራንም ስድብ ጻፊው፣ ይገባታል። ሰዓቴን መሳሳቴንም ጻፊ። አንዲቷን ብቻ ተዪልኝ። ንስሐ ገብቼባታለሁ፣ የንስሐ አባቴም ቀኖና ሰጥተውኛል። ግን መምህሬ በሕይወት አሉ፣ አንድ ሰው ቢያነብላቸው..."

እሺም እምቢም አላልኩትም። ተዪልኝ ያለኝ ነገር ይህ ነበር፦ ኦመር በስልክ ስሙን ሲጠይቀው፣ ጋሽ ንጋቱ ጋኑን ተደግፎ፣ ሰዓቱን በማለዳ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየና፣ "መሪጌታ ንጋቱ" አለ።